ልብስ ሰፊው አማቴና ከቤት የማይወጣው መንገድ

የአማቴ አንድ ተራ ቀን ስድስት መቶ አርባ እርምጃና ዘጠኝ ማረፊያ ይፈጅ ነበር። ቆጥሬዋለሁ። ከአልጋቸው እስከ መታጠቢያ ቤት አሥራ ሦስት እርምጃ ነው፤ ይህ ያለ ማረፊያ ያልፋል። ከመታጠቢያ ቤት እስከ ቁርስ ጠረጴዛ አሥራ አንድ። ከፎቁ እስከ ምድር ቤቱ ሱቃቸው ሠላሳ ስምንት ደረጃ አለ። መውረዱ አንድ ማረፊያ፣ መውጣቱ ሦስት ማረፊያ ይፈልጋል። ለምሳ ወጥተው ስለሚወርዱ ይኸው ሁለት ጊዜ ይሆንና ስምንት ማረፊያ ይመጣል። ዘጠነኛዋ ክር ለመግዛት እስከ መንገዱ ጥግ ሲሄዱ የምትወጣ ናት።

ማታ ሲገቡ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ ይቀመጡና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይላሉ፦

«በቃ፤ የዛሬው አለቀ።»

ያለቀው ምን እንደሆነ አይናገሩም። እኛም አንጠይቅም። ሁላችንም ግን እግራቸውን እናያለን።

አማቴ የባለቤቴ አባት ናቸው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ይኖራሉ፤ እሳቸው እንደሚሉት ደግሞ እኛ ነን ከእሳቸው ጋር የምንኖረው፣ ቤቱ የእሳቸው ነውና። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ በእግር በምትነዳ የስፌት ማሽን ፊት ተቀምጠዋል። ጠዋት ይወርዳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ማታ ይወጣሉ። የሰው ሱሪ ሲያሳጥሩ፣ የሰው ኮት ሲያጠብቡ፣ ሲጋራቸውን ማሽኑ ጠርዝ ላይ አስቀምጠው ሲረሱ፣ ዕድሜያቸው እዚያ ሄደ። ከደረጃው በስተቀር መንገድ የሚባል ነገር ለብዙ ዓመት አላወቁም።

በሽታቸው መጀመሪያ ለእኔ በሽታ አልመሰለኝም። አብረን ስንሄድ የልብስ መሸጫ መስኮት ባገኙ ቁጥር ይቆማሉ።

«እስቲ ይህን ኮሌታ እዪው» ይሉኛል፤ «ዓይኑን ጨፍኖ የሰፋው እኮ ነው የሚመስለው!»

እኔ የሙያ ነገር ነው ብዬ እታገሣለሁ። ትንሽ ሄደን ጫማ ቤቱ ጋ ይቆማሉ። ቀጥሎ ሞባይል መሸጫው ጋ።

«አባባ፣ እዚህ ደግሞ ምን ስፌት አገኙ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«የስልኩን ሽፋን ጠርዝ አላየሽውም?» አሉኝ፣ ፊታቸውን እንኳ ሳያዞሩ።

ያን ጊዜ ወደ ታች ሳይ በግራ እጃቸው የቀኝ ባታቸውን ሱሪያቸው ላይ ጨብጠው ይዘዋል። እንደዚያ ነው የነቃሁት። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ወሰድኳቸው።

ሐኪሟ ነገሩን በቀላሉ አስረዳችን። የእግራቸው የደም ስር ጠቧል። ሲራመዱ ጡንቻው ደም ይጠማዋል፣ ያማል፤ ሲቆሙ ጥሙን ይቆርጣል፣ ይተዋቸዋል። መድኃኒት ጻፈች፣ ሲጋራውን አስቆመች፣ ከዚያ ዋናውን ተናገረች።

«መራመድ አለብዎት። እስኪያምዎ ይራመዱ፣ እስኪለቅዎ ይቁሙ፣ ደግሞ ይራመዱ። በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል።»

«ሲሄድ የሚያመኝን እግር በመሄድ?» አሉ አማቴ። «ዶክተር፣ እኔ ሱሪ ጠበበኝ ብሎ ለመጣ ሰው ለብሰኸው ዙር ብዬ አላውቅም።»

«የእርስዎ ሱሪ ግን ሲዞሩበት ነው የሚለቀው» አለች እየሳቀች። «ሲራመዱ ደሙ በጎን በጎን ሌላ መንገድ ያበጃል። ቀስ ብሎ ነው፤ ወራት ይፈልጋል።»

ውጭ መራመድ አልሆነም። የእኛ መንገድ ዳገት ነው፣ የእግረኛው ጠርዝ ተቆፍሮ ከቀረ ዓመት አልፎታል። ይህን ሁሉ ይችሉት ነበር፤ ያልቻሉት የሰውን ደግነት ነው። ሁሉም ያውቃቸዋል፤ የአንዱን ሱሪ አሳጥረዋል፣ የሌላውን የሠርግ ልብስ ሰፍተዋል። በቆሙ ቁጥር አንዱ ከሱቁ ብቅ ይላል። «ደከመዎት አባቴ? ወንበር ላምጣልዎት?»

«አርባ ሁለት ዓመት ወንበር ላይ ነበርኩ» አሉኝ አንድ ቀን ተናደው ሲገቡ። «አሁን ደግሞ መንገድ ላይ ተከትሎኝ ይምጣ?»

በዚህ መሐል የእኔ ጉዳይ መጣ። የምሠራው ዳቦ ቤት ባንኮኒ ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ገብቼ ስድስት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፣ ምክንያቱም የአምስት ዓመት ልጃችንን ከመዋዕለ ሕፃናት የማመጣት እኔ ነኝ። ልጃችን ቀጭን ስለሆነች አያቷ መርፌ ይሏታል፤ እኛም ለምደን መርፌ እንላታለን። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ እኩለ ቀን ላይ የት እንደሚሆን እሱም አያውቀውም። የዳቦ ቤቱ ባለቤት ታዲያ ጠርታ፣ ከአዲሱ የትምህርት ዘመን ጀምሮ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው እንደምትፈልግ ነገረችኝ። እኔ ከሆንኩ እሰየው፣ ካልሆንኩ ሌላ ታያለች። ሦስት ወር ተኩል ጊዜ ነበረኝ።

ይህን እራት ላይ አነሣሁት። ባለቤቴ ጭንቅላቱን አከከ። እኔ ሳህኑን አየሁ።

«እኔ አመጣታለሁ» አሉ አማቴ።

መዋዕለ ሕፃናቱ በእኔ እግር የአሥራ ሁለት ደቂቃ መንገድ ነው። ከደወሉ በኋላ የሚጠብቁት ሩብ ሰዓት ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በዚያ ሰሞን ሁለት ደቂቃ ሳይቆሙ አይሄዱም ነበር።

«አያቴ፣ መንገዱን ታውቀዋለህ?» አለች መርፌ።

«እማረዋለሁ» አሏት።

ማሽኑ የመጣው እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከሚዘጋ ጂም ያገለገለ የመሮጫ ማሽን አገኘ። የአጠቃቀም ደብተሩ ጠፍቷል፤ ሻጩ በቃሉ ሦስት አራት ነገር ነግሮት ተለያዩ። ለአራት ሆነው ሲያመጡት አማቴ ከሱቃቸው ወጥተው በሜትራቸው ለኩት።

«ወርዱ ሰባ ስምንት ነው፤ የኛ በር ሰባ ሁለት። ገና ከታች በጎኑ ያዙት።»

«ይገባል አባዬ፣ አንተ ዝም ብለህ እይ» አለ ባለቤቴ።

ሠላሳ ስምንት ደረጃ ተሸክመውት ወጡ፤ በሩ ላይ ቀረ። ወደ ደረጃው መታጠፊያ መልሰው አወረዱት፣ በጎኑ አዞሩት፣ እንደገና አወጡት። አማቴ ከታች ሆነው ድምፃቸውን አላሰሙም። ምሳ ላይ ግን ውሃ ሲቀዱለት፣ «ስድስት ሳንቲ ሜትር እኮ ናት ልጄ፤ ዓይን ታታልላለች» አሉት።

አተካከሉ ላይ እኔም ስላለሁበት በዝርዝር እናገራለሁ፣ ለሚጠቅመው ይጥቀም። መስኮቱ አጠገብ አቆምነው፤ ከኋላው ሁለት ሜትር ባዶ ተውን፣ ሰው ቢወድቅ ማሽኑ ወደ ኋላ ወርውሮት ከግድግዳ እንዳያላትመው። ወለላችን ወደ ግራ ስለሚያዘነብል ውሃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ላዩ ላይ አስቀምጠን፣ ውሃው እኩል እስኪሆን የማሽኑን እግሮች አሽከረከርናቸው። መጀመሪያ በማራዘሚያ ገመድ ሰክተነው ገመዱ ስለጋለ፣ ቀጥታ ግድግዳው ላይ አደረግነው። ፊት ለፊቱ በክር የታሰረች ቀይ መሰኪያ አለችው። የክሩ ጫፍ ልብስ ላይ ይቆነጠጣል፤ ሰውየው ከወደቀ መሰኪያዋ ተነቅላ ማሽኑ ይቆማል። ያለ እሷ አይነሣም። ስለዚህ ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት እሷን የምደብቃት የጨው ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሕፃን ያለበት ቤት ውስጥ የሚሽከረከር ነገር ጣት አይምርም።

አማቴ በልብስ መቁረጫ ጠመኔያቸው ዙሪያውን ወለሉ ላይ መስመር አሰመሩ። «ከዚህ ወዲህ መርፌ አትገባም» አሉ። መርፌም የጫማዋን ጫፍ ልክ መስመሩ ላይ አድርጋ ቆመች።

ባዶውን ስናስነሣው የሚረገጠው ጎማ ቀስ እያለ ወደ ግራ መሄድ ጀመረ። እኔ አላየሁትም፤ እሳቸው አዩት።

«አቁሚው፣ አቁሚው! ጨርቁ እየሸሸ ነው።»

ተንበርክከው፣ ወገባቸውን ይዘው፣ ከኋላ ያለውን የግራ ብሎን በታጠፈችው መፍቻ ሩብ ዙር አጠበቁት። አስነሡት፣ ጠበቁ፣ ሌላ ሩብ ዙር ጨመሩ። ጎማው መሐል ገብቶ ጸጥ አለ። ባለቤቴ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ገና ነበሩ።

«ዘይቱስ?» አሉ። «ማሽን ጠዋት ጠዋት ሁለት ጠብታ ካልቀመሰ ቀኑን ሙሉ ሲያኮርፍ ነው የሚውለው። ልጄ፣ ከሱቅ ያቺን ጠርሙስ አምጪልኝ።»

ወርጄ አመጣሁላቸው። በራሴ እጅ ነው ያቀበልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን ሦስት ደቂቃ ነበር። ሁለቱን ዘንግ አንቀው ይዘው፣ አንገታቸውን ቀብረው።

«ጉድ እኮ ነው!» ይላሉ። «አርባ ሁለት ዓመት ማሽን ስነዳ ኖሬ፣ ይኸው ዛሬ ማሽን ይነዳኝ ጀመር።»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ አባባ።»

«እንቁላሉ ሲጋራ አላጨሰም» አሉኝ።

ደቂቃዎቹን የደንበኞቻቸውን ልክ በሚጽፉበት ደብተር ላይ መመዝገብ ያዙ። አንድ ገጽ ገልጠው ከላይ «ራሴ» ብለው ጻፉ። ወገብና ትከሻ የሚጻፍበትን ባዶ ትተው ርዝመት የሚለው ሥር፦ ሦስት፣ አራት፣ አራት፣ ስድስት።

መርፌ ከጠመኔው መስመር ወዲያ ተቀምጣ ታያቸዋለች። ትምህርት ቤት በሌለባት ቀን ይህ ጨዋታዋ ሆነ።

«አያቴ፣ አሁን የት ደረስክ?»

«ጫማ ቤቱ ጋ።»

መንገዱን በደቂቃ ከፋፍለውት ነበር። አራተኛው ደቂቃ ጫማ ቤቱ፣ ሰባተኛው ሞባይል መሸጫው፣ ዘጠነኛው ፋርማሲው፣ አሥራ ሁለተኛው የመዋዕለ ሕፃናቱ በር። ከዚያ ወዲህ ማሽኑን ማናችንም ማሽን አላልነውም፤ «መንገዱ» ሆነ። «መንገዱን ነቅለሽዋል?» «መንገዱ ላይ ናቸው፣ ቆይተሽ ደውዪ» እንባባላለን። በአምስተኛው ሳምንት ፋርማሲው ጋ ደረሱ። ዘጠኝ ደቂቃ፣ ሳይቆሙ። ያን ዕለት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ዘንድ ሄጄ «እሠራለሁ» ልላት ነበር፤ አፌ ላይ አድርሼ መለስኩት።

እንኳንም መለስኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ኋላ ሆነ። ስምንት፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አምስት። እኔ ጠዋት ሥራ ላይ ነኝ፤ የማየው ደብተሩን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ መርፌ ጠየቀቻቸው፦ «አያቴ፣ የት ደረስክ?»

«ጫማ ቤቱ ጋ።»

«በፊት ፋርማሲ ነበርክ እኮ!»

«ዛሬ ጫማ አማረኝ» አሏት። ፊታቸው ግን አመድ መስሎ ነበር። ወርደው ቀዩዋን መሰኪያ እጄ ላይ አኖሩልኝና ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

ሰኞ ከሥራ ስመለስ የማሽኑ ዘንግ ላይ ግራጫ ኮት ተሰቅሏል። ገበሩ ያልገባለት የደንበኛ ኮት። «እንዳይጨማደድ ነው» አሉኝ። ከዚያ ሁለት ኮት ሆነ። ከዚያ ሦስት ኮትና አንድ ቀሚስ።

ባለቤቴ ትዕግሥቱ አለቀ። «አባዬ፣ ያን ሁሉ ደረጃ የተሸከምነው ለኮት መስቀያ ነው?»

«ጥሩ መስቀያ ነው።»

«ከእጅ አይሻል ዶማ ገዛሁልህ በለኛ!»

አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። «ዶማውስ ደህና ነው ልጄ። እጁ ነው ያለቀው።» ድምፃቸው እንደ ወትሮው የቀልድ አልነበረም። «እግሬ ከድቶኛል። በየእርምጃው ከሥሬ ሽሽት ይላል። ልረግጥ ስል የለም። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር፣ ዝም አልኳችሁ እንጂ። ተዉኝ፤ ሰው በቃኝ ሲል እመኑት።»

ሳህኑን አነሣሣሁ።

የዚያ ሳምንት ድካሜ ከሌላው ሳምንት ይለያል። ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆሜ ዳቦ ስቆጥር፣ ዱቄቱ ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ሮጬ ልጄን ሳመጣ፣ ደረጃውን ስወጣ፣ እነዚያ ኮቶች እጃቸውን አንጠልጥለው ይቀበሉኛል። ለዳቦ ቤቱ ባለቤት፣ «ሙሉ ቀኑ አይሆንልኝም መሰለኝ» አልኳት። «እስከ ወሩ መጨረሻ አስቢበት» አለችኝ፤ ደግ ሴት ናት፣ ግን ሰው መፈለግ እንደጀመረች ከዓይኗ አየሁ።

ማሽኑን ለመሸጥ ወሰንኩ። የሚገዛ ሰው «ይሠራል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ኮቶቹን አውርጄ፣ አቧራውን ወልውዬ፣ መሰኪያዋን ከጨው ቆርቆሮ አውጥቼ ክሯን ቀሚሴ ላይ ቆነጠጥኩና ወጣሁበት። እስከዚያ ቀን አንድም ጊዜ ረግጬው አላውቅም ነበር። ጊዜውስ መቼ ኖሮኝ?

በዝግታ አስነሣሁት። ቀኝ እግሬን አሳረፍኩ፤ ደህና። ግራዬን ሳሳርፍ ጎማው ከሥሬ ቆም አለና፣ ወዲያው ደግሞ ተስፈንጥሮ ሄደ። ዘንጉን ያዝኩ። ቀኝ፤ ቆም፣ ሽሽት። ግራ፤ ቆም፣ ሽሽት። ልረግጥ ስል የለም።

እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። የደም ስሬ አልጠበበም።

አጥፍቼው ጠርዙ ላይ ተቀመጥኩ። ሣቅሁ፤ ከዚያ ደግሞ ሣቁ ሌላ ነገር ሆነብኝ። ፊቴን ልጠርግ ስል እጄ ሸተተኝ። የአማቴ ሱቅ ሽታ ነበር፤ የስፌት ማሽን ዘይት።

ደረጃው ላይ ሆኜ ጮህኩ። «አባባ! እስቲ ይምጡ!»

ሦስቱን ማረፊያ አርፈው፣ እያለከለኩ መጡ። «መርፌ ናት? ምን ሆነች?»

«ማንም ምንም አልሆነም። ይቀመጡና እግሬን ይዩልኝ።»

ተራመድኩ። ስፌት በሚያዩበት ዓይን፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩኝ። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። ጎንበስ አሉ።

«እየዘለለ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ስፌት እንደሚዘል ማሽን፣ እየዘለለ ነው።» ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «እኔም ላይ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው?»

«ይህንኑ ይመስለኛል አባባ። ዘይቱን ስንት ጊዜ ነው የሚያጠጡት?»

«በየጠዋቱ፣ ሁለት ጠብታ ከዚህ፣ ሁለት ጠብታ ከዚያ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲዘል ጊዜ ደግሞ ደርቆ ነው ብዬ ጨመርኩለት።»

ሁለታችንም ጎማውን አየነው።

«ታዲያ ያን ሁሉ ሳምንት እግሬን ያማሁት በሐሰት ነዋ» አሉ።

የጂም ማሽን የሚጠግን ሰው አፈላልገን አመጣን። የጎማውን ጠርዝ አነሣ፣ ጣቱን ከሥር አስገባ፣ አሸተተ።

«ይህን ማን ነው የቀባው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ ፈጥኜ።

«እኔ ነኝ» አሉ አማቴ። «እሷ ለእኔ ብላ ነው የምትዋሸው።»

«ስንት ጊዜ?»

«በየጠዋቱ።»

«በየጠዋቱ?» ሰውየው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። «አባቴ፣ እርስዎ እኮ ማሽኑን ጠብሰውታል!»

«ስፌት ማሽን ሲሆን…»

«ስፌት ማሽን ብረት ከብረት ነው የሚፋተገው፤ ዘይት ነፍሱ ነው። ይሄ ጎማና ጣውላ ነው። ጎማ ይህን ዘይት ሲጠጣ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ከፊት ያለው ብረት ሊጎትተው ሲል ያንሸራትተዋል። ሲረግጡት ይቆማል፣ ሲለቁት ይሄዳል። የዚህ ማሽን ምግብ ሲሊኮን ነው፤ እሱም በሦስት ወር አንዴ፣ ከጎማው ሥር፣ ትንሽ። እጅዎን ከሥር ያስገቡ፤ ጣትዎን ካሟለጨው ይተዉት፣ ደረቅ ከሆነ ይጨምሩለት። በቃ።»

ጎማውን ፈቶ አወጣ፤ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሦስት ጊዜ አጠብነው፣ ጥላ ውስጥ አደረቅነው። ከሥሩ ያለው ጣውላ መሐሉ በዘይት ጠቁሮ ነበር። ሰውየው ጣውላውን ነቀለና ገለበጠው፤ ያልተነካው ፊቱ ወደ ላይ መጣ፣ ንጹሕ፣ የሚያብረቀርቅ።

አማቴ ያን ጊዜ ነው ፈገግ ያሉት። «ኮሌታ ገለበጥክ!» አሉት። ያለቀ የሸሚዝ ኮሌታ ተፈቶ፣ ያልተበላው ፊቱ ወደ ውጭ ተገልብጦ ይሰፋል፤ ሸሚዙ ሌላ ሁለት ዓመት ይለበሳል። እሳቸው በዘመናቸው ስንቱን ገልብጠዋል።

«ኮሌታ ይበሉት» አለ ጠጋኙ። «ግን ጎማው ተጎድቷል። ለመራመድ አንድ ዓመት ቢያገለግል ነው። እንዳይሮጡበት።»

«ማን? እኔ?» አሉ። ከዚያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አይተው፣ «ሱሪህ ሁለት ጣት ይረዝማል። ተረከዝህ እየረገጠ በላው። ና ወደ ሱቅ» ብለው ይዘውት ወረዱ።

ትምህርት ሊጀመር አምስት ሳምንት ቀርቶ ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ በደስታ አለቀ ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እንደዚያ አልሆነም። እግራቸው ከሐሜት ነጻ ወጣ እንጂ ከሕመም አልወጣም። ማሽኑ ኮት መስቀያ ሆኖ የቆመበት ጊዜ ያገኙትን ወስዶባቸዋል። ከአምስት ጀመሩ። እውነተኛ አምስት። ስድስት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። አሥር ደረሱና እዚያው ቆሙ። አሥር፣ አሥር፣ አሥር። ጠዋት ጠዋት ሲወርዱ ሸሚዛቸው ጀርባው ርሶ ያለቀ ጨርቅ ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከጎማው ግራና ቀኝ ያለውን አቧራ ይጠርጋሉ፣ እጃቸውን ከሥር ያስገባሉ፣ ብሎኖቹን ያያሉ። የዘይቱ ጠርሙስ ከዚያ ወዲህ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም።

በመጨረሻው እሑድ ደብተሩን ዘጉት። «አሥር ነው ያለኝ። የቀረውን በመስኮት እሞላዋለሁ።»

እኔም ለዳቦ ቤቱ ባለቤት «እሠራለሁ» አልኳት። አንድ ሳምንት ልትሞክረኝ ተስማማች፤ በዚያ ሳምንት ልጄ አንድ ቀን እንኳ ሳትወሰድ ብትቀር ነገሩ እንዳበቃ ሁለታችንም ገብቶናል።

የመጀመሪያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ እጄ ዳቦውን እየሳተ ነበር። ለአንዲት ደንበኛ አምስት ብላኝ ዘጠኝ ከተትኩላት። ስድስት ሰዓት ከሩብ ሆነ። ስልኬ ዝም። ከሩብ አለፈ። ከዚያ የመምህሯ መልእክት መጣ፦ «አያቷ ወስደዋታል። ደህና ናቸው።»

ማታ ስገባ ኮታቸውን ሳያወልቁ ወንበራቸው ላይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። መርፌ በሹክሹክታ ዘገባዋን አቀረበች።

«ጫማ ቤቱ ጋ አልቆምንም እኮ! ስንመጣ ፋርማሲ ጋ ግን ብዙ መድኃኒት አየን። ደግሞ ልብስ ቤቱ ጋ፣ ኮሌታ አሳየኝ። ልክ አይደለም አለ።»

እሳቸው አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «በቃ» አሉ፣ «የዛሬው አለቀ።»

አሁን የአማቴ አንድ ተራ ቀን ከሁለት ሺህ አምስት መቶ እርምጃ በላይና አሥራ አራት ማረፊያ ይፈጃል። ከበፊቱ በብዙ ይበልጣል፤ ማታ የሚደክማቸውም ለዚህ ነው። የሙከራው ሳምንት አልፏል፣ እኔም ሙሉ ቀን እሠራለሁ። ሁለታችንም ደክመን እንገናኛለን፤ ደረጃው ላይ፣ ሁለተኛው ማረፊያ ጋ።

ይህን ጽፌ ሳነብላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጠጋኙ ጋ ስደርስ ብቻ ጎርበጥ አላቸው።

«ጨርሰሻል?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ጨምሪ፣ በእኔ አፍ። እንዲህ በይ፦ እኩለ ቀን ላይ ቀጭን ልጅ እጄን ይዛ፣ መስኮት ሥር ቆሜ ካያችሁኝ፣ እባካችሁ ወንበር አታምጡልኝ። ደከመህ ወይ አትበሉኝ፤ ደክሞኛል። ይልቅ አጠገቤ ቁሙና ስለ ኮሌታው ጠይቁኝ። ሁለት ደቂቃ ትበቃኛለች። ከዚያ መንገድ ልቀቁልኝ።»